ያልተቆረጠ ክር

ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለልኩ ነው የወረድኩት። ታኮ ጫማዬን አውልቄ በብብቴ ሸጉጫለሁ፤ በሁለት እጄ ደግሞ ከነሣጥኑ አሥር ኪሎ የሚመዝን ቴፕ ደረቴ ላይ አቅፌያለሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የደብዳቤ ክፍሏ ታይፒስት አንገቷን በበሩ ብቅ አድርጋ፣ "መቀስ! ምን ሆነሻል? እሳት ተነሣ እንዴ?" አለችኝ።

"ቢነሣ ይሻለኝ ነበር!" ብያት አለፍኩ።

መቀስ የሚሉኝ የቴሌቪዥን ጣቢያው ቴፕ ቆራጭ ስለሆንኩ ነው። በምላሷ ምክንያት ነው የሚሉም አሉ። አልጣላቸውም፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ከታች የሚኒስትሩ ጥቁር መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል። ሽማግሌው ሾፌር በሩን ከፍቶ ይጠብቀኛል። ባዶ እግሬን ሲያይ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ "እህት ዓለም፣ ዛሬ ምክር ቤት እንጂ ገላ መታጠቢያ አይደለም የምንሄደው" አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር። ያን ቀን ግን ትንፋሽ እንኳን አልነበረኝም።

እንዲህ ያስሮጠኝን ልንገራችሁ።

በዚያ ዘመን ቴፕ ብርቅ ነበር። በመርከብ ነው የሚመጣው፣ እሱም ሲፈቀድ። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ከታየ በኋላ ቴፑ ሌላ ይቀረጽበታል። ጊዜ ካለ መጀመሪያ በትልቁ ማግኔት ላይ ዞሮ ሙልጭ ብሎ ይጠፋል። ጊዜ ከሌለ ደግሞ አዲሱ በአሮጌው ላይ እንዳለ ይቀረጻል፤ አዲሱ እስከሄደበት ድረስ አሮጌውን እየበላ ይሄዳል። ትናንት ሰው ያስለቀሰ ዘፋኝ ዛሬ በላዩ ላይ የአየር ትንበያ ይቀረጽበታል። እኛም ለምደነው ነበር፤ ማንም አያለቅስም።

እንዳይነካ የተባለ ቴፕ ካለ ግን ሣጥኑ በቀይ ክር ይታሰራል። ይህን ደንብ ያወጡት ጋሼ ናቸው። ጋሼ የምንላቸው የማስታወቂያ ሚኒስትሩን ነው፤ ክቡርነትዎ ብንላቸው "ክብሩን ለቢሮ ተዉት" ይሉን ነበር። ቋጠሮውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። አባታቸው ዕድሜ ልካቸውን ፖስታ ቤት ውስጥ እሽግ ሲያስሩ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው የተማሩት ቋጠሮ ነው። ጫፉን ይዞ የሚጎትት ሰው ይብሱን ያጠብቀዋል። በአውራ ጣት ጥፍር ከመሀሉ ወደ ውስጥ ገፋ ሲያደርጉት ብቻ ነው የሚላላው። በመሥሪያ ቤቱ ይህን የምንችል ሁለት ሰዎች ነበርን፣ እሳቸውና እኔ። ዳይሬክተራችንን ላስተምርህ ስለው "እኔ ለክር ጊዜ የለኝም" ብሎ ሁለት ጊዜ በምላጭ ቆርጦታል። ሁለት ጊዜም ተጣልተናል።

በቀይ ክር ከታሰሩት ሁሉ የምሳሳላቸው አሥራ ሦስት ነበሩ። የእኛ ድራማ ነው። በአገር ሰው የተጻፈ፣ በአገር ሰው የተቀረጸ፣ በእኔ እጅ የተቆረጠ፣ አሥራ ሦስት ክፍል ያለው የመጀመሪያው ድራማ። ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል። ገና ለሕዝብ አልታየም፤ ጋሼ መጀመሪያ ለምክር ቤቱ ላሳየው ብለው ነው ያቆዩት።

ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ማሽን ላይ ጭኜ የተውኩትን የመጨረሻውን ክፍል የዚያን ቀን ረፋዱ ላይ አየሁት። ስፌቱ ሁሉ ደህና ነው። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ አባትየው ከቤት ለምትወጣው ልጁ ልብሷን ጠቅልሎ እሽግ የሚያስርበት ቦታ አለ። ተዋናዩ ጎበዝ ነው፣ ጣቱ ግን እንጨት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢሞክር አልሆንለት አለ። በመጨረሻ ጋሼ ኮታቸውን አወለቁ፣ የተዋናዩን ሸሚዝ ለበሱና እጃቸውን ለካሜራው ሰጡ። እዚያ የሚታየው የእሳቸው እጅ ነው። ግራ አውራ ጣታቸው ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር ትታያለች። እኔ ያንን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ሚኒስትር ሆኖ እጁን የሚያውስ የት ይገኛል?

ከዚያ ሣጥን ላመጣ ቴፕ ክፍል ገባሁ። መደርደሪያውን ሳየው ክው አልኩ። አሥራ ሁለቱ ሣጥኖች ቦታቸው ላይ አሉ፤ ክር ግን የላቸውም። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ተልጦ በታይፕ የተመታ አዲስ ተለጥፎባቸዋል፦ የውጭ ፕሮግራም፣ ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት፣ እያለ እስከ አሥራ ሁለት። ክሮቹ ባዶ የብስኩት ጣሳ ውስጥ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ክሮቹን አፍሼ ኪሴ ከተትኩና አንዱን ሣጥን ተሸክሜ ወደ ማሽን ክፍል ሮጥኩ።

ቴክኒሻናችን ሽቦ፣ ቅጥነቱን አይታችሁ ስም ብታወጡለት እናንተም ሌላ አታወጡለትም፣ ለምክር ቤቱ ቀረጻ መኪና ገመድ ይጠቀልላል። ጫንልኝ አልኩት። ጫነው። ስክሪኑ ላይ ግራጫ በረዶ ብቻ ነው የሚንጫጫው። ሄዶ ሁለተኛውን አምጥቶ ጫነው። ያው በረዶ።

"በማግኔት ነው የጠፋው" አለኝ ሽቦ፣ ፊቱን ሳያዞር። "ሦስተኛውን ላምጣ?"

"አታምጣ" አልኩት። "በሞቴ አታምጣ። ለማንም ሳትናገር መኪናህን ይዘህ ሂድ። አንዱ እኔ እጅ አለ።"

የተረፈውን ከማሽኑ አውርጄ፣ ሣጥኑን በቀይ ክር አስሬ፣ እግሬን ነቅዬ የሮጥኩት ለዚህ ነው።

መኪናው ውስጥ ስገባ ጋሼ ጭናቸው ላይ ወረቀት ዘርግተው በአረንጓዴ ቀለም ያርማሉ። ንግግራቸውን ሁልጊዜ በአረንጓዴ ነው የሚያርሙት። ቴፑን መቀመጫው ላይ አስቀምጬ በሩን ሳልዘጋ፣ "ጋሼ ጉድ ሆነናል! አሥራ ሁለቱም ጠፍተዋል! አንድ ሰው ክሩን አውጥቶ በማግኔት አስጠፍቷቸዋል!" አልኩ።

እስክሪብቶአቸውን ከደኑ። መነጽራቸውን አውልቀው በክራቫታቸው ጫፍ ጠረጉት።

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"ያንቺውስ?"

"ይኸው። ማሽን ላይ ስለነበረ ተረፈ።"

ሣጥኑን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። እኔ ሐዘን መስሎኝ ነበር። "ስንት ሰው ያውቃል?" አሉኝ።

"እኔና ሽቦ ነን።"

"ማንም እንዳይሰማ። ደህና አድርገሽ ያዢው፣ ከእጅሽ እንዳይወጣ።"

"ይህ አንዱ አይበቃንም ጋሼ? ለማሳየት?"

"ይበቃል" አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ማን አደረገው ብለው አልጠየቁኝም። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው፤ ያኔማ የእኔ አእምሮ ዳይሬክተሩን በሐሳብ እያነቀ ነበር።

ምክር ቤቱ በስምንት ሰዓት የብሮድካስት ሕጉን ሊያጸድቅ ነው። የሕጉ አንገቱም ልቡም አንቀጽ ሰባት ነው፦ በየምሽቱ ከሚተላለፈው ግማሹ እዚሁ አገር ውስጥ፣ በአገር ሰው የተሠራ ይሁን። ይህ አንቀጽ ካለፈ ስቱዲዮአችን ይኖራል። ከወደቀ ይዘጋል፤ አርባ ስድስታችንም እንበተናለን፣ ተዋናዩም፣ አናጢውም፣ መብራት ያዡም፣ እኔም። ተቃዋሚዎቹ "መሥራት ሳንችል ግማሽ ብሎ መፎከር ምንድነው? አንድ ነገር አሳዩን!" ብለው ነበር። ጋሼም ቆመው "አሳያችኋለሁ" አሏቸው። ለዚህ ነው አዳራሹ ውስጥ ትልቁ ቴሌቪዥን የተተከለው፣ ሽቦም በቀረጻ መኪናው ማሽኑን ይዞ በጓሮ በኩል ገመድ የዘረጋው።

ለዚህች ቀን አሥራ ሁለት ዓመት ለፍተዋል። ስቱዲዮአችን የጆንያ መጋዘን ነበር፤ እሳቸው ናቸው ለምነው ያስለቀቁት። ለመጀመሪያው ቀረጻ በር አጥተን ግድግዳው ባዶውን ቢቀር፣ ከቤታቸው የመኝታ ክፍላቸውን በር ከነማጠፊያው ነቅለው በዚሁ መኪና ጣሪያ ላይ አስጭነው አመጡልን። ባለቤታቸው ስምንት ወር ሙሉ በመጋረጃ ተኙ። አንድ ቀን ስቱዲዮ መጥተው በሩን እንደ ሰው ሲዳብሱት አይቻቸዋለሁ። "ደህና ነህ?" ሲሉት ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። እኔ ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ነበር የሠራሁት። ሌላ ቦታ እጥፍ ደመወዝ ሲሰጡኝ "ጋሼን ትቼ?" ብዬ ስቄባቸዋለሁ።

"አልበላሽም አይደል?" አሉኝ በመንገድ ላይ።

"ምግብ ይታየኛል ጋሼ?"

ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ። "አይዞሽ" አሉኝ። እንዲህ ነው ያሉኝ፣ አይዞሽ።

ምክር ቤቱ በር ላይ ጫማዬን አደረግኩ። እሳቸው በክቡራን በር ገቡ፤ እኔ በሕዝብ በር ሰገነቱ ላይ ወጣሁ። በዓይን ስጠቀስ ቴፑን ለሽቦ እንዳደርስ ተነጋግረናል። ሣጥኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ከፊት ረድፍ ጫፍ ተቀመጥኩ። ከታች አዳራሹ የቆዳ ወንበርና የሲጋራ ጭስ ነው። ቴሌቪዥኑ በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍኖ አፈ ጉባኤው አጠገብ ቆሟል። ዳይሬክተራችን ከሚኒስትሮቹ ጀርባ ተቀምጦ ጥፍሩን ያያል። ጠብቅ አንተን፣ አልኩ በሆዴ፤ ዛሬ ጋሼ ልክህን ያሳዩሃል።

ተራቸው ሲደርስ ጋሼ ተነሡ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ሰው ያባብላል። ስለ ቋንቋችን ተናገሩ፣ ልጆቻችን በሰው አፍ ስቀው በሰው አፍ እንዳያለቅሱ አሉ። አጠገቤ ያሉት አሮጊት እንባቸውን ጠረጉ። እኔም ሣጥኑን ጨበጥ አድርጌ ለመነሣት ተዘጋጀሁ።

አንድ ሽማግሌ ተወካይ እጃቸውን አወጡ። "ክቡር ሚኒስትር ጥሩ ተናግረዋል። አሳያችኋለሁ ያሉን ድራማ ግን የታለ? ይኸው ቴሌቪዥኑ ከነጨርቁ ቆሟል።"

አዳራሹ ሳቀ። ጋሼም ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ።

"ክቡር አፈ ጉባኤ፣ በታላቅ ሐዘን ነው የምናገረው" አሉ። "ድራማው ተሠርቶ ነበር። ነገር ግን በቴፕ ክፍል ሠራተኞች ቸልተኝነት ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። አንድም አልተረፈም። በዚህ አቅማችን የምሽቱን ግማሽ በራሳችን ሥራ እንሙላ ማለት ሕዝቡን ማታለል ይሆንብኛል። ስለዚህ አንቀጽ ሰባትን በገዛ ፈቃዴ ከረቂቁ አውጥቻለሁ።"

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። መጀመሪያ የተሳሳቱ መሰለኝ። ረሱት፣ አልኩ፤ ሰው ሲጨነቅ ይረሳል። ብድግ ብዬ ሣጥኑን ወደ ላይ አነሣሁትና ባለ በሌለ ድምፄ፣ "አለ! ጋሼ፣ እዚህ አለ! አንዱ ተርፏል!" ብዬ ጮኽኩ።

አዳራሹ በሙሉ ቀና አለ። ጋሼም ቀና አሉ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ዓይናቸውን ነቀሉና የእጅ ሰዓታቸውን አዩ።

"ከሰገነት ድምፅ አይሰማም!" አለ አፈ ጉባኤው። ዘበኛው መጥቶ ክንዴን ያዘ። እያወጣኝ ሳለ ዳይሬክተሩ ወደ ጎረቤቱ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ሲለው አየሁት፤ ሁለቱም ሳቁ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ወደቅኩ። ሊመሽ ሲል ከበሩ ጀርባ ድምፅ ሲሰጥ፣ ሲጨበጨብ ሰማሁ። ሕጉ ያለ አንቀጽ ሰባት አለፈ። ማልቀስ እፈልጋለሁ፣ እንባው ግን እምቢ አለኝ። እጄን ኪሴ ስከት ክሮቹን አገኘኋቸው። እጅ ሥራ ሲፈታ አይወድም መሰለኝ፣ ዝም ብዬ አንድ በአንድ እያወጣሁ ጉልበቴ ላይ እዘረጋቸው ጀመር።

አንዱም አልተቆረጠም። እንደገና አየኋቸው። ሁሉም ሙሉ ናቸው፤ መሀላቸው ላይ ቋጠሮው የነበረበት ቦታ ብቻ ተጨማዷል። ዳይሬክተሩ ቢሆን በምላጭ ይከትፋቸው ነበር። አንድ ሰው ግን ቁጭ ብሎ፣ በአውራ ጣቱ ጥፍር፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ከመሀሉ ወደ ውስጥ ገፍቷል። እኔ አልፈታሁም። ሌላ የሚችል ማን አለ?

አይሆንም አልኩ። ራሴን ተቆጣሁት፤ ስለ እኚህ ሰውማ እንዲህ ልታስቢ አይገባሽም አልኩት። ክሮቹን ሰብስቤ ኪሴ መለስኳቸው።

በሩ ተከፍቶ ሰዎቹ እየተጨባበጡ ወጡ። ጋሼ አዩኝ። መጥተው በእጃቸው ወደ ካፖርት ማስቀመጫዋ ጠባብ ክፍል መሩኝና በሩን ዘጉ። ዙሪያውን የእርጥብ ካፖርት ሽታ ነው።

"መቀስዬ፣ ተቀየምሽኝ" አሉ።

"ቸልተኛዋ እኔ ነኝ?"

"ስምሽን አልጠራሁም እኮ።"

"መጥራት ያስፈልጋል እንዴ? ክሩን የምፈታው እኔ እንደሆንኩ የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ ሳይቀር ያውቃል!"

"የዳይሬክተሩ ሥራ ነው" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ምክር ቤት ፊት ቆሜ የራሴን ዳይሬክተር ልክሰስ? ይህ ፖለቲካ ነው፣ አንቺ አይገባሽም። አሁን ያንን ስጪኝ። ቤቴ ወስጄ አስቀምጠዋለሁ። አንቺ ጋ ካገኙት ያጠፉታል።"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለማመን ፈልጌ ነበር። የዳይሬክተሩ ሥራ ነው ሲሉኝ ከላዬ ላይ ሸክም የወረደልኝ መስሎኝ ነበር። ግን ክሮቹ ኪሴ ውስጥ አሉ።

"ክሩ ላልቷል ጋሼ" አልኳቸው። "ያጥብቁልኝና ልስጥዎት።"

ሣጥኑን ተቀብለው የካፖርት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ክሩን እያዩ አልነበረም፤ እኔን እያዩ፣ እያባበሉኝ፣ እጃቸው ብቻውን ይሠራል። ዞረ፣ ሾለከ፣ ገባ፣ ጠበቀ። ጠባሳዋ ከክሩ ሥር ወጥታ ትገባለች። ሲጨርሱ አሥራ ሁለቱን ክሮች ከኪሴ አውጥቼ እጃቸው አጠገብ ዘረገፍኳቸው።

"ዳይሬክተሩ በምላጭ ነው የሚቆርጠው" አልኩ። "ከእነዚህ አንዱም አልተቆረጠም።"

እጃቸውን ከሣጥኑ ላይ አነሡ። ካፖርቶቹን ገፋ አድርገው ጠርዙ ላይ ተቀመጡ። እንዲህ ያረጁ መሆናቸውን ያኔ ነው ያየሁት።

"ዘጠኝ ማሠራጫ ይሰጡናል" አሉ በመጨረሻ። "የውጭ ኩባንያዎቹ። ዘጠኝ! ከነፕሮግራሙ፣ ለአሥር ዓመት። አንቀጽ ሰባት ካለ ግን ፊርማ የለም አሉ። ድራማሽን ማሠራጫ ከሌለ ማን ያየዋል? ከዚህ ከተማ ሌላ ማን ያየዋል? መጀመሪያ ቤቱ ይቁም፣ የራሳችንን በኋላ እንሠራለን።"

"ታዲያ እንዲህ ብለው ለምን አልነገሩንም? ለምን አጠፉት?"

"ካለ ያሳዩን ይሉኛላ። አይተውት ደግሞ እምቢ የሚል ሰው አይገኝም።" ፈገግ ለማለት ሞከሩ። "በጣም ጥሩ ነው የሠራሽው።"

ይህ ምስጋና ከዘለፋው ሁሉ በላይ አንገበገበኝ።

"ለምን በገዛ እጅህ ፈታኸው?" አልኩ። አንተ ብያቸው አላውቅም ነበር፤ ከአፌ አመለጠኝ፣ ልመልሰውም አልፈለግኩም። "ያን ከይሲ አስቆርጠህ አታስጠፋም ነበር? ቁጭ ብለህ አንድ በአንድ?"

ክሮቹን አዩ። "ሌላ ሰው ምላጭ እንዲያሳርፍበት አልፈለግኩም" አሉ።

በሩ ተንኳኳና ዳይሬክተሩ ሳይጠራ ገባ። "ክቡር ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር፣ እንኳን ደስ..." ብሎ እኔን ሲያይ ቃሉን ዋጠ።

"ገና ነው" አሉት ጋሼ፣ ቶሎ ብለው። ፊታቸው ቀላ። ሹመቱም እንዳለ ያኔ ገባኝ። ዘጠኙ ማሠራጫስ ሊገባኝ ጀምሮ ነበር፤ ይህኛው ግን አልዋጥ አለኝ።

"ለምሽቱ ዜና መግለጫዎን እንቅረጽ" አለ ዳይሬክተሩ። "ችግሩ፣ መኪናው ውስጥ ቴፕ የለም። ድራማውን ለማሳየት እንጂ ለመቅረጽ አልመጣንም። ጣቢያ ሄደን እስክናመጣ ደግሞ ዜናው ያልፈናል።" ከዚያ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሣጥን ላይ አረፈ። "ይህ ምንድነው?"

ሣጥኑን ነጥቄ ደረቴ ላይ አቀፍኩት። ወደ ጋሼ ዞርኩ። አንድ ቃል ነው የቀራቸው፤ "ተዋት" ቢሉት ይበቃ ነበር። ውስጤ ገና ይጠብቅ ነበር እኮ! ሰው ምን ያህል ጅል ነው?

ጋሼ ብድግ ብለው የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። በሩ ላይ ለቆመው ዘበኛ፣ እኔን ሳያዩ፣ "ተቀበላት" አሉት።

ዘበኛው በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። "ልጄ፣ አታስቸግሪኝ፣ እኔም እንጀራዬ ነው" እያለ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቃቸው። ዳይሬክተሩ ሣጥኑን ተቀበለ። ክሩን ጫፉን ይዞ ሲጎትተው ይብሱን ጠበቀበት። ምላጭ ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ።

"ስጠኝ" አሉት። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ከመሀሉ ገፋ አደረጉት። ክሩ ተፈታ። ከአሥራ ሁለቱ ጋር ጨምረው ጠረጴዛው ላይ ተዉልኝ።

"ነገ ጠዋት ቢሮዬ ትመጫለሽ" አለኝ ዳይሬክተሩ ሲወጣ።

ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። እማዬ ቴሌቪዥኑን ከፍታ፣ ሞቆ ምስሉ እስኪወጣ ፊት ለፊቱ ወንበሯን አስጠግታለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ፊቷን ካላስጠጋች አታይም። ጋሼ አንድ ጊዜ ታምማ ሊጠይቋት መጥተው ያ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲቀመጥበት አትፈቅድም፣ እሷ ስትቀር።

"ዛሬ ሕጉ ወጣ አይደል?" አለችኝ። "እሰይ! ያ ልጅ ሰው ነው። ነይ፣ አሁን ይናገራል።"

"ደክሞኛል እማዬ።"

"ነይ እባክሽ! አለቃሽ እኮ ነው።"

ከጀርባዋ ቆምኩ። በሁለት ሰዓቱ ዜና ላይ ጋሼ ወጡ። ክራቫታቸው ተስተካክሏል፣ ፀጉራቸው ተበጥሯል። ዘጠኝ ማሠራጫ እንደሚመጣ ተናገሩ። የአገር ውስጥ ሥራ ምንጊዜም በልባቸው እንደሚኖር ተናገሩ። በእጃችን የሠራነውን የምናይበት ቀን ይመጣል አሉ። እማዬ አንገቷን እየነቀነቀች "እውነትህን ነው" ትላቸዋለች፣ እንደሚሰሟት ሁሉ። እኔ ግን የሚሉትን አልሰማሁም፤ የማውቀው ቴፕ ነው፣ ደቂቃውን በሆዴ ስቆጥር ነበር። አምስት። ስምንት። አሥር። ከፊታቸው ሥር ድራማዬ እየተበላ እየሄደ ነበር።

"አመሰግናለሁ" ብለው ጎንበስ አሉ። መግለጫው አለቀ። ቴፑ ግን አልቆመም። ሽቦ "እጄ ማቆሚያውን ሳይጫን ዘገየ" ይላል፤ ስንት ዓመት ሆነን፣ ሆን ብለህ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ስክሪኑ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ሁለት እጆች ወጡ። የተቀደደ እጅጌ፣ ጥቅል ልብስ፣ ክር። ዞረ፣ ሾለከ፣ ገባ። አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ አለ። ቋጠሮው ሊጠብቅ ሲል ጨለመ፣ የዜና አንባቢዋም ደንግጣ ብቅ አለች።

"ውይ!" አለች እማዬ፣ ፊቷን ከመስታወቱ ሳትነቅል። "እንዴት ያለ እጅ ነው! ሥራ የሚያውቅ እጅ። የእናንተ ድራማ ነው?"

"አዎ እማዬ።"

"ደስ ይላል። ታዲያ መቼ ነው የሚቀጥለው?"

የተረፈችው የቴፑ ጫፍ ነገ ማግኔቱ ላይ እንደምትዞር አውቃለሁ፤ እንባዬ ያኔ ነው የመጣው። ወንበሯን ከኋላ ይዤ ቆምኩ።

"አይቀጥልም እማዬ" አልኳት። "የቀረው ይኸው ነበር፤ አየሽው።"